ጎጆ ያልወጣ ትውልድ፦ ከመንዝ ጓሳ የተገኘ ታሪክ

ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደው መንገድ ጓሳ የሚባለውን የሰሜን ሸዋ፣ የመንዝ የሣር ሜዳ አቋርጦ ያልፋል። ግራና ቀኙ ሣር ነው። ነፋሱ ሲመጣ ሣሩ አንድ ላይ ይተኛል፣ አንድ ላይ ይነሳል። ጅብራው እዚህም እዚያም ብቻውን ቆሟል። ዕድል የገጠመው መንገደኛ ጭላዳ በመንጋ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ ያያል። ከዚያም በላይ ዕድል የቀናው ቀይ ቀበሮ ያያል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነውና ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። በርኖስ መንዝ ውስጥ ለምን እንደሚለበስ እዚያ ሲቆሙ ይገባዎታል።

ብዙ ሰው ጓሳን የሚያውቀው በእንስሳቱ ነው። እኔ ግን ስለ ሰዎቹ ነው መጻፍ የፈለግሁት። ይህ ሣር እስከ ዛሬ የቆየው ርቆ ስለሚገኝ አይደለም። ሰዎች ተሰብስበው፣ ተከራክረው፣ ደንብ አውጥተው፣ ተራ ገብተው ስለጠበቁት ነው። ማን ያጭዳል? መቼ ያጭዳል? ደንብ የጣሰ ምን ይደረግ? እነዚህ የፖለቲካ ጥያቄዎች ናቸው። ምርጫ ጣቢያ የሚባል ነገር ሳይታወቅ በፊት የመንዝ ሰው ሲመልሳቸው ኖሯል።

ስለ ወጣቱና ስለ ፖለቲካ ስናወራ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ አዲስ አበባ ነው። ስለ ሰልፍ፣ ስለ ፓርቲ፣ ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ። የሰሜን ሸዋ ወጣት የነገውን ፖለቲካ እንዴት እንደሚቀይረው ለማወቅ ግን እኔ ከጓሳ መጀመር ይሻላል እላለሁ። ምክንያቱም ጓሳ ላይ አንድ ትውልድ የቀደመውን ሥርዓት ሲያፈርስ ምን እንደሚሆን አንዴ ታይቷል። ከነውጤቱ ታይቷል።

ዘር ተቆጥሮ

ሥርዓቱ ቀሮ ይባል ነበር። ስሙ ቢመሳሰልም በኦሮሚያ ከሚታወቀው ቄሮ ጋር አይገናኝም። መነሻው 17ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆነ ይነገራል። አስቦ እና ገራ የሚባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ነበሩ። በጓሳ የመጠቀም መብት የእነዚህ የሁለቱ ዘር ነበር። አንድ ሰው ትውልዱን ቆጥሮ ከአንዳቸው ከደረሰ መብት አለው። ካልደረሰ የለውም።

አሠራሩ ጥብቅ ነበር። ጓሳ ከ3 እስከ 5 ዓመት ድረስ ተዘግቶ ይቆያል። በዚያ ጊዜ ማጭድም ከብትም አይገባም። የሚመሩት በምርጫ የተሰየሙ አለቆች ናቸው። ሕዝቡ በየአጥቢያው፣ በየታቦቱ ተከፍሎ ኃላፊነት ይወስዳል። አቅም ያለው አባወራ ሁሉ በጥበቃው ይሳተፋል። የቀረ ይቀጣል። ሰርቆ ያጨደ ደግሞ የባሰ ይቀጣል። ሣሩ ሲደርስ፣ በበጋ፣ የመክፈቻው ቀን ይነገራል። መጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል። ከዚያ ከብቱ ይገባል። ክረምቱ ሲመጣ እንደገና ይዘጋል።

ሣሩ ምን ያደርጋል የሚል ካለ፣ ሁሉን ያደርጋል። ቤት ይከደንበታል። ገመድ ይገመድበታል። የዝናብ መከላከያ ገሳ ይሠራበታል። ድርቅ በመጣ ጊዜ የከብት መሸሸጊያ ጓሳ ነው። ምንጮቹም ከዚያ ይነሳሉ። ግማሹ ውኃ ወደ ዓባይ፣ ግማሹ ወደ አዋሽ ይወርዳል።

በተለይ ክዳኑን ልብ በሉልኝ። በመንዝ አንድ ጎረምሳ ሰው ሆነ የሚባለው ጎጆ ሲወጣ ነው። ጎጆ ለመውጣት መሬት ይፈልጋል። ጎጆውን ለመክደን ደግሞ ሣር ይፈልጋል። ጓሳ ለትውልዱ ሁሉ ወደ ሙሉ ሰውነት የሚያስገባ በር ነበር ማለት ነው። በሩ ግን የሚከፈተው ለአስቦና ለገራ ልጆች ነበር።

በሩ የተሰበረበት ዘመን

በ1957 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች "መሬት ላራሹ" ብለው አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጡ። አብዛኞቹ ገና 20ዎቹን የጀመሩ ልጆች ነበሩ። ከ10 ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967፣ ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገውን አዋጅ አወጣ። በዚያው ዓመት የዘመኑ ተማሪዎች በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተላኩ። ገበሬ ማኅበር ተቋቋመ።

በአገራችን ታሪክ ወጣት ትውልድ ፖለቲካን የቀየረበት ትልቁ አጋጣሚ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። ከአንድ አያት ስላልተወለድክ ሣር አታጭድም ማለት ፍትሕ አይደለም። ማንም ቅን ሰው ይህን አይክድም።

ጓሳ ላይ የሆነው ግን ሌላ ነው። የዘር መብቱ ተሻረ። ከእሱ ጋር ቀሮም አብሮ ተሻረ። መብቱ ለሁሉ ተሰጠ። የጥበቃው ተራ ግን ለማንም አልተሰጠም። አለቆቹ ሥልጣናቸውን አጡ፤ በእነሱ ቦታ ሣሩን እንደራሱ ነገር የሚያይ አካል አልተተካም። ሰው ሣሩ ሳይደርስ ማጨድ ጀመረ። ከብት ያለ ጊዜው ገባ። ዳር ዳሩ ታረሰ። ለዘመናት ሲጠበቅ የኖረ ነገር በጥቂት ዓመታት ተጎሳቆለ።

ይህን የምጽፈው ያን ትውልድ ለመውቀስ አይደለም። ብዙዎቹ ሕይወታቸውን ከፍለዋል። ልጆቻቸውን የሚያስታውሱ እናቶች ዛሬም አሉ። ግን ለዛሬው ወጣት ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም ታሪክ አላውቅም። መብቱን ማስፋት በአንድ አዋጅ፣ በአንድ ቀን ተቻለ። ጥበቃውን መልሶ ማቆም ግን ብዙ ዓመት ፈጀ።

መልሰው ያቆሙት ደግሞ የመንዝ ገበሬዎች ራሳቸው ናቸው። ጓሳን የሚጋሩት ቀበሌዎች ኮሚቴ መረጡ፣ ደንብ አወጡ፣ ሣሩን መዝጋትና መክፈት እንደገና ጀመሩ። መለኪያው አሁን ዘር አይደለም፤ የአካባቢው ነዋሪ መሆን ነው። በኋላም የክልሉ መንግሥት ጓሳን የማኅበረሰብ ጥበቃ ቦታ ብሎ ሕጋዊ እውቅና ሰጠው። ከአካባቢው ልጆች የተቀጠሩ ጠባቂዎች አሉት። ማኅበረሰቡ የሚያስተዳድረው የእንግዳ ማረፊያ አለው። በኢትዮጵያ ከላይ በትእዛዝ ሳይሆን ከታች በስምምነት የቆመ ነገር አሳዩኝ የሚለኝ ሰው ካለ እጄን ወደ ጓሳ እዘረጋለሁ።

አሁን ያለው ልጅ

እንግዲህ ወደ ዛሬው ወጣት እንምጣ።

በ1989 በአማራ ክልል የመሬት ድልድል ተካሄደ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ሰፊ ድልድል አልተደረገም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ስለዚህ በዚያ ዓመት የተወለደ የገበሬ ልጅ ዛሬ 29 ሊሞላው ነው፤ መሬት የሚያገኘው ወይ ቤተሰቡ ቆርሶ ሲሰጠው ነው፣ ወይ ሲወርስ፣ ወይ ተከራይቶ ነው። የአባቱ ማሳ ለአምስት ልጅ ቢከፈል ለማንም አይበቃም። ይህን መንዝ ያደገ ሰው ሁሉ በዓይኑ ያየው ነው።

ሌላ ነገር ልጨምር። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው። የሰሜን ሸዋ ዞን ሕዝብ 1.8 ሚሊዮን ያህል ሆኖ ተመዘገበ። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ የለም። በ2000 የተወለደ ልጅ በ2018 18 ዓመት ሞልቶት መራጭ ይሆናል። ሆኖም በየትኛውም ብሔራዊ ቆጠራ ላይ ተቆጥሮ አያውቅም። ከአገራችን ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ከ20 ዓመት በታች ነው ሲባል እንሰማለን። ያ ግማሽ አብዛኛው ይህ ያልተቆጠረው ነው።

መቆጠር የሚለው ቃል ለእኔ የጉዳዩ ልብ ነው።

በገጠራችን ሰው የሚቆጠረው በቤት ነው። ዕድሩ የሚመዘግበው አባወራን ወይም እማወራን ነው። የቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ የሚጠራው የቤቱ ባለቤት ነው። የይዞታ ደብተሩ የሚሠራው በቤት ነው። ልጅ፣ 18 ዓመት ሞላውም 28፣ ጎጆ ካልወጣ በአባቱ ስም ውስጥ ነው ያለው። ስብሰባ ላይ ቢመጣ ከኋላ ይቆማል። ሐሳብ ልስጥ ቢል አባትህ አለ ይባላል።

ድሮ ይህ ብዙ አያስቸግርም ነበር። ልጁ ከጥቂት ዓመት በኋላ ትዳር ይይዛል፣ መሬት ይቆረስለታል፣ ጎጆ ይወጣል፣ ስሙ መዝገብ ውስጥ ይገባል። አሁን ግን መሬት የለም። መሬት ከሌለ ጎጆ የለም። ጎጆ ከሌለ ስም የለም። ዲግሪ ይዞ ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የተመለሰ ልጅ መንደሩ ውስጥ አሁንም ልጅ ነው። ሴቷ ደግሞ ከእሱም በታች ናት። እሷ እስክታገባ የአባቷ፣ ካገባች የባሏ ቤት ሰው ናት።

በሕግ ደረጃ ነገሩ ሌላ ነው። በ18 ዓመት መምረጥ ይቻላል። በ21 ዓመት ዕጩ ሆኖ መቅረብ ይቻላል። 547 መቀመጫ ላለው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መወዳደር የሚችል ሰው ስለ ጓሳ ሣር መዘጋት ድምፅ የሌለው ሊሆን ይችላል። ይህ እንዴት አያሳስብም? አምስት ዓመት ጠብቆ አንድ ቀን ከመምረጥ ይልቅ በየወሩ ስለ ውኃው፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ግጦሹ መነጋገር ነው ሰውን ዜጋ የሚያደርገው ብዬ አምናለሁ።

ተደራጁ

መንግሥት ወጣቱን አልረሳውም። በ1996 የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት ማለት ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለ ነው ብሎ ወስኗል። በ2008 ተቃውሞው ከተቀጣጠለ በኋላ፣ በ2009፣ 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ተመደበ። ወጣቱም ተደራጁ ተባለ።

ይህች "ተደራጁ" የምትል ቃል ብዙ ነገር ትናገራለች። መደራጀት ማለት ስለ አንድ ጉዳይ አንድ ላይ ማሰብና መወሰን መሆን ነበረበት። ወጣቱ ጋ የደረሰችው ግን ብድር ለማግኘት አምስትም አሥርም ሆኖ ስም ማስያዝ ሆና ነው። ስም ተይዞ፣ ማኅተም ተመትቶ፣ ብድሩ ሲዘገይ ሁሉም ተበታተነ። የፓርቲ ሊጉም ቢሆን ወጣቱን ለድጋፍ ሰልፍ ይጠራዋል እንጂ ለውሳኔ ሲጠራው ብዙም አላየሁም።

ስለዚህ ወጣቱ ሌላ መንገድ ፈለገ። አንዱ ወደ ደብረ ብርሃን ፋብሪካዎች ወረደ። አንዱ አዲስ አበባ ገብቶ የቀን ሥራ ያዘ። እህቱ ዓረብ አገር ሄደች። ባጃጅ የገዛም አለ።

ከ2015 ክረምት ጀምሮ ደግሞ የመጣውን ሁላችንም እናውቃለን። በክልሉ ግጭት ተነሳ። ሰሜን ሸዋም ከዋናዎቹ የግጭት ቦታዎች አንዱ ሆነ። ከዚያ በፊት በ2014 የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ድረስ ዘልቆ ነበር። አንድ ልጅ ከ15 እስከ 20 ባለው ዕድሜው ያየው ይህን ነው። "ወጣት የነብር ጣት" እንላለን። ጣቱን ምላጭ ላይ ሲያሳርፍ ግን እንደነግጣለን። ስለ ጦርነቱ መንስኤ እዚህ ልፈርድ አልፈልግም፤ አንድ ጽሑፍ አይበቃውም። የማውቀው አንድ ነገር አለ። ስብሰባ ላይ አባትህ አለ የተባለ ልጅ ሁሉ ጫካ አይገባም። ነገር ግን ጫካ ውስጥ ስምና ማዕረግ እንዳለ፣ መንደሩ ውስጥ ግን እንደሌለ ያየ ልጅ ልቡ ወዴት እንደሚያዘነብል መገመት አያቅትም።

ሳይጠራ የመጣ

ይህ ሁሉ ሆኖም ወጣቱ የጋራ ጉዳይ አይገደውም የሚለውን ሐሳብ አልቀበልም። የሚያየው ዓይን ከጠፋ ነው እንጂ ሥራው አለ።

ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖች በብዙ ሺህ ደብረ ብርሃን ሲገቡ ልብስና እህል ሰብስቦ በር በር የዞረው ወጣት ነው። የታመመ ጎረቤት ሲኖር በቴሌግራም ገንዘብ የሚሰበስበው ወጣት ነው። ያውም ማን ስንት እንደሰጠ፣ ስንት እንደወጣ፣ ደረሰኙን ፎቶ አንስቶ ሁሉም እንዲያየው ይለጥፋል። ይህን ዝም ብላችሁ አትለፉት። የአባቶቻችን ዕድር ሒሳብ በዓመት አንዴ ይነበባል፣ አንዳንዴም አይነበብም። ልጆቹ ግን የዚያኑ ዕለት ያሳያሉ። ማንም አላስተማራቸውም። ታላላቆቻቸው በሒሳብ ሲታሙ ስላዩ፣ እነሱ መታማት ስላልፈለጉ ራሳቸው የጀመሩት ነው።

ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ለወራት ሲቋረጥ ይህ ሁሉ ቆመ። በስልክ ላይ ብቻ የቆመ ነገር ስልኩ ሲጠፋ እንደሚጠፋ ያኔ አየነው። ጓሳ ግን ኢንተርኔት አይፈልግም። የጓሳ ኮሚቴ አባል በእግሩ ሄዶ፣ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወይም ገበያ ላይ ቆሞ መናገር ይችላል። ወጣቱ ግልጽነቱን፣ አባቶች ጽናቱን ይዘዋል። ሁለቱ አንድ ስብሰባ ላይ አለመገናኘታቸው ነው የሚያንገበግበኝ።

የሚፈራው ነገር

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። ለወጣቱ ድምፅ ብንሰጠው ጓሳን ቢያርሰውስ?

ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። የዛሬው ወጣት ቤቱን የሚከድነው በቆርቆሮ ነው። ገሳ አይለብስም፤ የገበያ ጃኬት ይለብሳል። ሣሩ ለእሱ እንደ አያቱ የዕለት ተዕለት ጉዳይ አይደለም። የሚፈልገው ጥሬ ገንዘብ ነው። ያ ሁሉ ሜዳ ድንችና ገብስ ቢዘራበት ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። መሬት ለሌለው ሰው ባዶ ሜዳ እያሳዩ አትንካ ማለት ከባድ ነው።

እኔ ግን የ1967ቱን ነገር ደግሜ ደግሜ አስባለሁ። ያኔ ሣሩን የጎዳው የባለመብቱ መብዛት አልነበረም። መብቱ ከጥበቃው መለየቱ ነው። መብት ያገኘው ሰው ተራ አልገባም፣ ስብሰባ አልተቀመጠም፣ ሕጉን ራሱ አላወጣውም። ዛሬም ወጣቱን ከውጭ አቁመን ሕጉን አክብር ብንለው ያው ነው የሚሆነው። ያልተቆጠረ ሰው በሌሊት ያርሳል። የተቆጠረ ሰው ግን በቀን ይከራከራል። በክርክሩ ሊያሸንፍ ይችላል፣ ሊሸነፍም ይችላል። ቢሸነፍ እንኳ ነገ ተራው ሲደርስ ጓሳ ላይ ብርድ ልብስ ለብሶ የሚያድረው እሱ ነው።

ደግሞም ወጣቱ ከጓሳ የሚያገኘው ጥቅም ድንች ብቻ አይደለም። እንግዳ መምራት አለ። በቅሎ ማከራየት አለ። ጥበቃ ራሱ ሥራ ነው። ሰላም ሲሆን የሚመጣ ጎብኚ አለ። አባት ሣሩን ለክዳን እንዳየው ልጁ ለዚህ ሊያየው ይችላል። ግን ገቢው እንዴት ይከፈል የሚለውን ራሱ ተቀምጦ ካልወሰነ ሁሉም ነገር የሌላ ሰው ሲሳይ ሆኖ ይታየዋል። ትክክልም ነው።

ለአባቶች ደግሞ አንድ ነገር ላስታውስ። መቆጠር ተቀይሮ ያውቃል። የመሬት ይዞታ ደብተር በክልላችን መሰጠት ሲጀምር የሚስት ስምና ፎቶ ከባል ጋር እንዲለጠፍ ተደረገ። ብዙ ሰው ቤት ይፈርሳል ብሎ ፈርቶ ነበር። ቤት አልፈረሰም። እናቶቻችን ደብተሩን ከሣጥን አውጥተው ፎቷቸውን ሲያዩ ያየ ሰው ምን እንደተቀየረ ያውቃል። ያን ያህል ትልቅ ነገር የመጣው በአንዲት ትንሽ ፎቶ ነው።

አሁንም የምለው ይህን ያህል ነው። ጓሳን የሚጋሩት ቀበሌዎች መዝገብ አላቸው። በእያንዳንዱ አባወራና እማወራ ስም ሥር 18 ዓመት የሞላቸው ልጆች ስም ይጻፍ፤ ወንዱም ሴቷም፣ ጎጆ ወጡም አልወጡም። ስማቸው የተጻፈ ሁሉ በጥበቃው ተራ ይግቡ፤ በስብሰባውም እጃቸውን ያውጡ። ሒሳቡን ልጆቹ ይያዙት፤ ማሳየት ያውቁበታል። መዝጊያና መክፈቻውን አባቶች ያስተምሯቸው፤ ሣሩ መድረሱን በዓይን ዓይቶ ማወቅ ስልክ ላይ አይገኝም።

ለዚህ አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም። ከበላይ አካል ደብዳቤም አይጠይቅም። ክረምቱ ሳይገባ፣ ሣሩ ሳይዘጋ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ መዝገቡን መግለጥና ከኋላ የቆመውን ልጅ ስምህ ማን ነው ብሎ መጠየቅ ይበቃል።